«የዓሣ ዓይነት» የሚለው ፍች ምን ይጎድለዋል? ስለ ዓሣ ስሞች አፈታትና አተረጓጎም የቀረበ ሂስ

አንድ የመዝገበ ቃላት ፍች ተግባሩን ፈጽሟል የሚባለው፣ ቃሉን የማያውቀው አንባቢ ፍቹን ካነበበ በኋላ የተሰየመውን ነገር ከመሰሎቹ ለይቶ ለማወቅ ሲችል ነው። ይህ መመዘኛ በሙያው ላይ ለተሰማራን ሁሉ የታወቀ ቢሆንም፣ በአማርኛ የመዝገበ ቃላት ሥራ ውስጥ ሳይጠየቅ የሚያልፍ አንድ ልማድ አለ። ይኸውም የእንስሳትንና የዕፀዋትን ስም «የወፍ ዓይነት»፣ «የዛፍ ዓይነት»፣ «የዓሣ ዓይነት» እያሉ በሁለት ቃል ፈትቶ ማለፍ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ልማድ በዓሣ ስሞች ላይ መርምሮ የሚያስከትለውን ጉዳት ማሳየትና መታረሚያ ይሆናል የምለውን ለአንባቢያን ማቅረብ ነው።

«የዓሣ ዓይነት» የሚለው ፍች ከአንድ የተሟላ ፍች የሚጠበቀውን ግማሹን ብቻ ይዟል። ነገሩ በየትኛው ጠቅላላ ክፍል እንደሚመደብ ይናገራል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ካሉት ሌሎች የሚለይበትን ግን አይናገርም። በዚህ አፈታት ቆሮሶም አምባዛም ነጭ ዓሣም አንድ ፍች ይኖራቸዋል ማለት ነው። ሦስት የተለያዩ ቃላትን በአንድ ፍች የሚፈታ መዝገበ ቃላት ደግሞ ሦስቱም አንድ ናቸው ብሎ እንደማስተማር ይቈጠራል።

ልማዱ የቋንቋው ድህነት ያመጣው ነው ለማለት አይቻልም። አማርኛ የየብስ እንስሳትን በመለየት ረገድ እጅግ ጥንቁቅ ቋንቋ ነው። ፈረሱን ዳማ፣ ጉራቻ፣ ቦራ፣ ከብቱን ቡላ፣ ዳለቻ እያለ በቀለሙና በምልክቱ ይለያል፤ መዝገበ ቃላቱም እነዚህን ቃላት በሚገባ ይፈታል። የዓሣ ስሞች ወደኋላ የቀሩት የቀደሙት ሊቃውንት መነሻቸው በአመዛኙ የግዕዝ መጻሕፍትና የደጋው ገበሬ አነጋገር ስለ ነበረ ይመስለኛል። የሐይቅ ዳሩ ሰው አነጋገር ወደ ጽሕፈት የገባው ዘግይቶና በጥቂቱ ነው። ይህን ማለቴ የቀደሙትን ለመንቀፍ አይደለም፤ የእነርሱን ሥራ የወረስን እኛ ጉድለቱን አብረን እንዳናወርስ ለማሳሰብ ነው።

አንድ ስም፣ ሁለት ባሕር

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው «ነጭ ዓሣ» በሚለው ስም ላይ ነው። በጣና ሐይቅ ዳር «ነጭ ዓሣ» ሲባል፣ በሳይንስ ላቤዎባርቡስ በሚል የወገን ስም የሚታወቁት፣ የካርፕ ዘመድ የሆኑ ዓሦች ማለት ነው። በጫሞና በአባያ ሐይቆች ደግሞ በዚሁ ስም የሚጠራው ላቴስ ኒሎቲኩስ፣ በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ናይል ፐርች» የሚባለው ግዙፍ አዳኝ ዓሣ ነው። ሁለቱ በቅርብ የሚዛመዱ አይደሉም። የጣናው ነጭ ዓሣ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ምግቡን የሚያደቅቀው በጉሮሮው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ነው፤ በአፉ ጥግም ጢሞች አሉት። የጫሞው ነጭ ዓሣ ጢም የለውም፤ መንጋጋው በደቃቅ ጥርሶች የተሞላ፣ የጀርባ ክንፉ ፊተኛ ክፍል እሾሃማ ሲሆን፣ ክብደቱም ከመቶ ኪሎ ሊያልፍ ይችላል።

ስሙ እንዴት ለሁለት ተከፈለ? መልሱ ያለው በመልክዓ ምድሩ ላይ ነው። ላቴስ በዓባይ ተፋሰስ በታችኛው ክፍል የሚገኝ ቢሆንም የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ወጥቶ ጣና ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ ሁለቱ ዓሦች በአንድ ውኃ ውስጥ፣ በአንድ አጥማጅ መረብ አይገናኙም። «ነጭ» የሚለው ገላጭም በየሐይቁ ውስጥ ከጠቆሩት፣ ከአምባዛና ከቆሮሶ፣ ለመለየት የተነገረ ነው። በየሐይቁ ውስጥ ስሙ ጉድለት የለበትም፤ አጥማጁም ሸማቹም ይግባቡበታል። ችግሩ የተፈጠረው ሁለቱ ዓሦች በመኪና ተጭነው አዲስ አበባ ከገቡና በአንድ የዋጋ ዝርዝር፣ በአንድ የትርጉም ጽሑፍ፣ በአንድ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከተገናኙ በኋላ ነው። እንግዲህ ቃሉን ለመላው አገር አንባቢ የሚፈታው ሰው ሐይቆቹን ለይቶ የመናገር ግዴታ ይወድቅበታል።

ይህን የምለው ስሕተቱን ራሴ ስለ ሠራሁት ነው። በወጣትነቴ ዘመን ስለ ዓሣ ሀብት የተጻፈ አንድ አጭር ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጠኝ። በውስጡ ስለ ላቴስ የሚናገር ክፍል ነበረበት። በእጄ የነበሩትን መጻሕፍት ብመለከት ከ«የዓሣ ዓይነት» የዘለለ አላገኘሁምና፣ የአርባ ምንጭ ሰዎች የነገሩኝን ስም ወስጄ «ነጭ ዓሣ» ብዬ አለፍሁ። ጽሑፉ በጣና ዳር ለተሰበሰቡ አጥማጆች ሲነበብ እኔም ነበርሁ። የዓሣው ክብደት ከመቶ ኪሎ በላይ እንደሚሆን ሲነበብ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዘወር ብለው «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነጭ ዓሣ በእኛ ባሕር ቢኖር ኖሮ ታንኳችንን ይዞ ይሰምጥ ነበር» አሉ። ጉባኤው ሳቀ። ከዚያ በኋላ የተነበበው ሁሉ፣ እውነተኛውም ምክር ጭምር፣ እንደ ተረት ተሰማ። የአንድ ስም አለመፈታት የአንድን ሙሉ ጽሑፍ ተአማኒነት አሳጣ።

ዓይነት፣ ዝርያ፣ ወገን

የ«ዓይነት» ሁለተኛው ጉድለት የመደብ ደረጃን አለመለየቱ ነው። በሳይንሳዊ የአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ የሚሉት ቃላት እየሰፉና እየጠበቡ የሚሄዱ የምደባ ደረጃዎችን እንዲያመለክቱ ተደርገዋል። በዚህ መለኪያ ሲታይ የጫሞው ነጭ ዓሣ አንድ ዝርያ ነው። የጣናው ነጭ ዓሣ ግን ብዙ ዝርያዎችን የያዘ ወገን ነው። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ናገልከርከና ሲቢንግ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ባወጧቸው ጥናቶች በጣና ውስጥ 15 የላቤዎባርቡስ ዝርያዎችን ለይተው ገልጸዋል። ከነዚህ ውስጥ ስምንቱ ሌሎች ዓሦችን እያደኑ የሚኖሩ ሲሆኑ፣ በመንጋጋው ጥርስ ለሌለው ለዚህ አስተኔ ይህ ያልተለመደ ጠባይ ነው። ታዲያ ሁለቱንም «የዓሣ ዓይነት» ብሎ የሚፈታ መዝገበ ቃላት አንዱን ዝርያና አንዱን ወገን በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጡ ነው።

ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። ከጣናው ነጭ ዓሣ ከፊሎቹ ዝርያዎች በክረምት ወራት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወንዞች ወጥተው ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ ተሰብስበው ስለሚገኙ በመረብ ለመጥፋት የተጋለጡ ናቸው። ከፊሎቹ ግን በዚህ የወንዝ ጉዞ ላይ አልታዩም። እ.ኤ.አ. ከ1991–1993 እስከ 1999–2001 ባለው ጊዜ ውስጥ የእነዚህ ዓሦች ብዛት በክብደት ሲለካ 75 በመቶ ያህል እንደ ቀነሰ በጥናት ተመዝግቧል። በ1995 ዓ.ም. የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ወጥቷል። ሕግም ሆነ ምክር ለአጥማጁ የሚደርሰው በቃላት ነው። «ነጭ ዓሣ በክረምት አይጠመድ» የሚል ምክር ቢጻፍ የትኛው ሐይቅ፣ የትኛው ዝርያ እንደ ታሰበ ከቃሉ ሊታወቅ አይችልም። ስሙ ያልተለየን ነገር ለይቶ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው።

ላቲን የያዘልን የአማርኛ ቃላት

ከዚህ ላይ ለቋንቋ ተመራማሪ የሚያሳፍርም የሚያስደስትም አንድ ታሪክ አለ። የፍራንክፈርቱ የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥቶ የጣናን ዓሦች ሰበሰበ፤ እ.ኤ.አ. በ1835 ባወጣው ጽሑፍም ገለጻቸው። ላቤዎባርቡስ የሚለውን የወገን ስም የሰጠው እርሱ ነው። ይህ ስም በላቲን «ከንፈራም» እና «ጢማም» ከሚሉ ሐሳቦች የተገጣጠመ ነው። ለዝርያዎቹ ስም ሲያወጣ ግን ከሐይቅ ዳሩ ሰው አፍ የሰማውን ጭምር ወስዷል። ቫሪኮሪኑስ ቤሶ ብሎ የሰየመው፣ በድንጋይ ላይ የበቀለ ዋቅላሚ እየፋቀ የሚመገበው ዓሣ፣ የዝርያ ስሙ ያገሬው ስም ነው።

ሌላው ዝርያ «ጎርጓሪ» በሚል ንባብ የተጻፈው ነው። በበኩሌ ይህ ጎረጎረ ከሚለው ግሥ የወጣ ሣልስ ቅጽል ነው ብዬ እገምታለሁ። የቦታ ስም ከሆነው ከጎርጎራ ጋር ለማያያዝ የሚፈልግ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን የቃሉ መካከለኛ «ጓ» እና መድረሻው «ሪ» የአድራጊነት ቅርጽን በግልጽ ያሳያሉ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» በሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ጎርጓሪው ሰውየው ነው፤ በጣና ስም ግን ጎርጓሪው ራሱ ዓሣው ይሆናል ማለት ነው። ይህ ዝርያ ሌሎችን ዓሦች አዳኝ መሆኑ ለግምቱ ድጋፍ ይሆናል።

የሳይንስ ሰዎች እነዚህን የጣና ዓሦች ለረጅም ጊዜ ባርቡስ ሲሏቸው ቆይተው ወደ ላቤዎባርቡስ መልሰዋቸዋል፤ ቤሶም ከቫሪኮሪኑስ ወጥቶ ወደዚያው ወገን እንዲገባ ተደርጓል። የወገኑ ስም እንዲህ ሲለዋወጥ ከሐይቅ ዳር የተወሰደው ቃል ግን ሳይለወጥ ኖሯል። ይሁን እንጂ ላቲን ቃሉን የያዘልን እንደ ነገሩ ነው። በላቲን ፊደል ከተጻፈው ላይ ቃሉ ቤሶ ይሁን በሶ፣ «ሶ» ይጥበቅ ወይም ይላላ ማወቅ አይቻልም። የገብሱ በሶና የዓሣው ስም አንድ ድምፅ ያላቸው ቃላት መሆን አለመሆናቸውን የሚወስነው ጆሮ ነው። ስለዚህ የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ከመጽሐፉ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ዳር መሄድ አለበት።

የወይጦ ማኅበረሰብ ጉዳይም ይህን አስቸኳይ ያደርገዋል። በጣና ዳር በጉማሬ አደንና በዓሣ ማጥመድ የታወቁት ወይጦዎች የቀድሞ ቋንቋቸውን ትተው አማርኛ ተናጋሪ ሆነዋል። ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1928 በአማርኛቸው ውስጥ ጥቂት እንግዳ ቃላት ማግኘቱን ጽፏል፤ ማርሴል ኮኸንም እ.ኤ.አ. በ1939 ከነዚህ የተወሰኑትን መዝግቧል፤ ከመካከላቸው ምንጫቸው ያልታወቀ ይገኙባቸዋል። የጠፋ ቋንቋ ቅሪት ሊገኝ ከሚችልባቸው ቦታዎች አንዱ የሥራ መሣሪያና የአዝመራ፣ በዚህም አኳያ የዓሣ ስም ነው። እያንዳንዱን ስም «የዓሣ ዓይነት» ብለን ስናልፈው ይህን ቅሪት የምንመረምርበትን ፈለግ እናጠፋለን።

ስለ አካል ክፍሎች ስሞች

ዓሣን ለይቶ ለመፍታት የአካሉን ክፍሎች በስም መጥራት ያስፈልጋል። ይህ የቃላት ክምችት እንደሌለን አድርገው የሚናገሩ አሉ፤ እኔ ግን የምስማማው በከፊል ነው። «ክንፍ» እና «ቅርፊት» በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለዓሣ ያገለገሉ፣ በሕዝብ ዘንድ የታወቁ ቃላት ናቸው። «ክንፍ» ለወፍም ስለሚነገር ለዓሣ አዲስ ቃል ይፈጠር የሚለው አስተያየት አያሳምነኝም። የጀርባ ክንፍ፣ የደረት ክንፍ፣ የሆድ ክንፍ፣ የጅራት ክንፍ ብሎ በቦታው መግለጽ ይበቃል። «ቅርፊት» የዛፍም የዕንቁላልም ነው፤ ነገር ግን ዓሣ ሻጩ «ቅርፊቱን ፋቅልኝ» ሲባል ግራ አይጋባም። «ስንጥብ» በትምህርት ቤት መጻሕፍት ገብቶ የተለመደና አንድ ትርጉም ብቻ ያለው በመሆኑ እጅግ የሚስማማ ነው። በአፍ ዙሪያ ለሚገኙት ክሮች «ጢም» ማለት ይቻላል፤ ላቲኑ ራሱ ያደረገው ይህንኑ ነው።

አስተያየት የሚያስፈልገው ተርጓሚዎች ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል እየገለበጡ የሚያመጧቸው ስሞች ናቸው። አምባዛ እያለን «ድመት ዓሣ» ብሎ መጻፍ አንባቢውን የሌለ እንስሳ እንዲያስብ ማድረግ ነው። በአንፃሩ በአገራችን የማይገኙትን ሳልሞንና ቱና እንደ ድምፃቸው መጻፍ ነውር የለበትም። ያልተፈታ ስም እንዴት መልኩን እንደሚለውጥ «ዓሣ ነባሪ» የሚለው ቃል ያስተምረናል። የጥንቱ ቃል በግዕዝ «ዐንበሪ»፣ በኋላም «ዓሣ አንበሪ» ነበር። የ«አንበሪ» ትርጉም ለተናጋሪው ሲጠፋበት ከሚያውቀው ከ«ነባሪ» ጋር ያስጠጋው ይመስለኛል። አሁን ዓሣም ነባሪም ያልሆነ፣ ልጁን ጡት የሚያጠባ እንስሳ በዚህ ስም ይጠራል። ቃሉን ለመለወጥ ጊዜው አልፏል፤ ፍቹ ላይ ግን እንስሳው አጥቢ መሆኑን መግለጽ ግዴታ ነው።

ተቃውሞና መልስ

«መዝገበ ቃላት የእንስሳት ሳይንስ መጽሐፍ አይደለም» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ የክንፍ እሾህ ቍጥርና የአጥንት መዋቅር በቃላት ፍች ውስጥ ቦታ የላቸውም። መግባት ያለበት ተናጋሪው ራሱ ዓሣውን የሚለይበት ምልክት ነው። ለአምባዛ ዋናው ምልክት ቅርፊት የሌለው መሆኑ ነው። ይህም ለሳይንስ ሰው ከብዙ ጠባዮች አንዱ ሲሆን፣ ለአማርኛ ተናጋሪው ግን ብዙዎች በሃይማኖት ምክንያት አምባዛን የማይበሉበት ምክንያት ነው። ይህን የማይናገር ፍች የቃሉን ግማሽ ትርጉም ጥሏል። በመሆኑም የሕዝቡ ምልክት በፍቹ አካል ውስጥ ቢገባና ሳይንሳዊው ስም በመጨረሻ ለማመሳከሪያ ቢሰፍር ሁለቱም ወገኖች ይጠቀማሉ።

ከዚህ በታች የቀረቡት ናሙናዎች ለውይይት የታሰቡ እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደሉም።

ቆሮሶ (በአንዳንዱ አነጋገር ቀረሶ)፣ ስም። ሰውነቱ ከጎንና ከጎን ጠፍጠፍ ያለ፣ ቅርፊታም፣ የጀርባ ክንፉ ረጅምና ከፊት በኩል እሾሃማ የሆነ ዓሣ። እንስቲቱ ዕንቁላሏንና ግልገሎቿን በአፏ ውስጥ ትጠብቃለች። በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በጫሞና በሌሎችም ይገኛል። ኦሬዎክሮሚስ ኒሎቲኩስ።

አምባዛ፣ ስም። ቅርፊት የሌለው፣ ራሱ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ በአፉ ዙሪያ ስምንት ጢሞች ያሉት ዓሣ። ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚስብበት አካል ስላለው ከውኃ ወጥቶ ለተወሰነ ጊዜ ይቈያል። ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖት ምክንያት የማይበሉት ብዙ ናቸው። ክላሪያስ ጋሪዬፒኑስ።

ነጭ ዓሣ፣ ስም። 1. (በጣና) ቅርፊታም፣ ጢማም፣ በመንጋጋው ጥርስ የሌለው ዓሣ፤ ብዙ ዝርያዎች ያሉት ወገን። ላቤዎባርቡስ። 2. (በጫሞና በአባያ) እጅግ ግዙፍ፣ ቅርፊታም፣ ጢም የሌለው፣ ሌሎችን ዓሦች የሚያድን ዓሣ። ላቴስ ኒሎቲኩስ።

በእነዚህ ናሙናዎች ውስጥ «የዓሣ ዓይነት» የሚለው ሐረግ አንድ ጊዜ እንኳ አልገባም፤ ፍቹም ከሦስት ወይም ከአራት መስመር አልረዘመም። እንግዲህ ቦታ አይበቃም የሚለው ምክንያት ብዙ የሚያስኬድ አይደለም። የሚጎድለው ቦታ ሳይሆን መረጃ ነው፤ መረጃውም በየሐይቁ ዳር፣ በአጥማጁ፣ በጀልባ ቀዛፊውና ዓሣ በሚያዘጋጁ ሴቶች አፍ ውስጥ አለ። የጣናው ነጭ ዓሣ 15 ዝርያ ነው ስንል፣ አጥማጁ በዕለት ሥራው ስንቱን በየስሙ ለይቶ ይጠራል የሚለው ጥያቄ ተገቢውን የመስክ ጥናት ይፈልጋል። ጥናቱን የሚያካሂዱት የእንስሳት ሳይንስና የቋንቋ ባለሙያዎች አንድ ላይ ሆነው ቢሆን፣ ዓሣውን የሚያውቀው ስሙን፣ ስሙን የሚያውቀው ዓሣውን ይማራል።

ይህ ሥራ እስኪከናወን ድረስ የቃላት አዘጋጆችንና ተርጓሚዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ «የዓሣ ዓይነት» ብለው ብዕራቸውን ከማንሣታቸው በፊት «የየትኛው ባሕር? በምንስ የሚለይ?» ብለው ይጠይቁ። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ያለፍሁትን የጣናው ሽማግሌ ጠይቀውኛል።